የማን ምትክ ነኝ?

ልጅ ሆኜ እናቴ የምትጠራኝ በሁለት ስም ነበር። መጀመሪያ «ዘሐራ!» ትልና ትንሽ ዝም ትላለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምትኬ!» ትላለች። ምትኬ እኔ ነኝ። ዘሐራ እኔ ሳልወለድ ዓረብ አገር ሄዳ የሞተች እህቴ ናት። አፍ ከፈታሁ ጀምሮ የተነገረኝ ትእዛዝ ለመጀመሪያው ስም አቤት እንዳልል ነበር። «እሱ ያንቺ አይደለም» ትለኝ ነበር እናቴ፣ ጫማሽን አውልቂ እንደምትለኝ ሁሉ ቀለል አድርጋ። ስለዚህ መካነ ሰላም በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ቅልብልቦሽ ስጫወት የመጀመሪያው ስም ሲጠራ ጠጠሮቼን በእጄ ይዤ አዳምጣለሁ። በዚያች አጭር ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው እንዲመልስ ሁላችንም የምንጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ደግነቱ ማንም አይመልስም። ከዚያ የኔ ተራ ይደርሳል።

ቦረናን የሚያውቅ ጭጋጉንም ያውቃል። በክረምት ከዓባይ በረሃ በኩል ቀስ እያለ ይወጣና ረፋዱ ላይ ከተማውን ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ የሰው ድምፅ ይቀርባል፣ ሰውየው ግን አይታይም። የርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ፣ ከአባቴ ሱቅ የሚመጣው የላምባና የሳሙና ሽታ፣ የጎረቤት ሳል፣ ሁሉም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በአጠገባችን ያልፋል። በእንዲህ ያለው ቀን ወደ ሱቅ ስላክ ገና መንገድ ላይ አሮጊቶች ያስቆሙኛል። አገጬን ይዘው ፊቴን ቀና ያደርጉና ያዩኛል። የሚያዩት ግን እኔን አይደለም። «አይ ያ አላህ፣ ግራ እጇን እንኳ አልተወችም» ይባባላሉ። ዘሐራም እንደኔ ግራኝ ነበረች። ስስቅ እንደሷ፣ ሳስነጥስ እንደሷ ነበርኩ። ታዲያ የምስቀው እኔ ልሁን እሷ ማን ያውቃል እያልኩ ሳቄን የምውጥበት ጊዜ ነበር።

የኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ምትኬ የሚባል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም ነበር። እኛ ሞክሼዎች መንገድ ላይ ስንገናኝ ስም አንጠራም፣ «ሞክሼ እንዴት ነሽ?»፣ «ሞክሼ ደህና ነህ?» ብቻ ነው። እኔ የሰው ስም አጥብቄ የምጠይቅ ነገረኛ ልጅ ስለነበርኩ የሁሉንም ምክንያት አጣርቼ ነበር። በክፍላችን ውስጥ ያለው ምትኬ ወንድሞቹ በኩፍኝ ካለቁ በኋላ የተወለደ ነው። ሞት ሴት መስሎት እንዲያልፈው አንድ ጆሮው ተበስቶ ሎቲ ተንጠልጥሎበታል። ቅቤ የምታመጣልን ምትኬ ደግሞ ስሟ የወጣው ባገባችበት ቀን ነው። አማቷ ሴት ልጅ ሞታባቸው ስለነበር ሙሽራዋ ገና ደጃፋቸውን ስትረግጥ እንዲያ ብለው ጠሯት። እናቷ ያወጡላት ስም ማን እንደሆነ ስጠይቃት ግራ ቀኝ አይታ በጆሮዬ ነገረችኝ። የፈራችው አማቷ እንዳይሰሙ ነው። አማቷ ግን ከሞቱ ቆይተዋል።

የሚያስቅ ስም ያላቸው ጋሽ ምትኬ ብቻ ነበሩ፣ በአባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉት። እሳቸው የበቅሎ ምትክ ናቸው። በተወለዱበት ሳምንት የአባታቸው በቅሎ ገደል ገብታ ሞተች። «አባቴ እሷን አብዝቶ ይወድ ነበር» ይሉኛል፣ መርፌያቸው ላይ ክር እየሰኩ። «ገበያ ልኮኝ ስዘገይ ‹እሷ ብትሆን እስካሁን ደርሳ ነበር› ይለኝ ነበር።» እስቃለሁ። ቆይቶ ግን ያችን በቅሎ ከኋላቸው ቆማ አያት ጀመር። ሌላው ሰው ስሙን ይዞ ብቻውን ይሄዳል፣ እኛ ምትኬዎች ግን ከኋላችን የሚከተለን አለ ብዬ አምን ነበር። ገበያ ስንገናኝ የሞክሼዎቼን ፊት ከማየቴ በፊት ትከሻቸውን አይ ነበር።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ዘሐራ የሄደችው ገና ልጅነቷን ሳትጨርስ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ጅዳ ነው። ያኔ በከተማችን ስልክ ያለው ቴሌ ብቻ ነበርና አንዴ ደውላ እናቴን አስጠርታ አነጋገረቻት። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ቆይቶ ከዚያው አገር የተመለሰ አንድ ሰው ለደሴ ነጋዴዎች ነገረ፣ ነጋዴዎቹም ለሽማግሌዎች፦ ዘሐራ ሰይድ፣ የወሎዋ፣ ታማ ሞታለች፣ እዚያው ተቀብራለች። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይነጋ መጥተው መርዶውን አረዱ። እናቴ አለቀሰች፣ አባቴ ሰደቃ አወጣ፣ የዘሐራ ልብስ ለደሃ ተሰጠ። እናቴ ያኔ እርጉዝ ነበረች። በለቅሶው መሐል ተወለድኩና ስሜ ያለቀለት ሆነ።

ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ጊዜ ነው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። እኩለ ቀን ቢሆንም ጭጋጉ አልተነሣም፣ አጥራችን እንኳ በግማሽ ነው የሚታየው። እኔ ግቢ ውስጥ ጠጠሬን አንጥሬ በእጄ ጀርባ ለመያዝ እታገላለሁ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ዘሐራ!» አለች። እንደልማዴ ዝም ብዬ ተራዬን ጠበቅኩ።

«አቤት እማ» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ።

ጠጠሮቹ ከእጄ ወደቁ። ድምፁ የኔ ነበር። ትንሽ የወፈረ፣ ብርድ የመታው፣ ግን የኔ። የተከለከልኩትን ስም ሳላስበው እኔው የመለስኩ መስሎኝ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከጓዳ ሁለተኛው ስም አልተጠራም። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። የአጥሩን በር ገፍታ አንዲት ጥቁር ልብስ የለበሰች፣ ፌስታል ያንጠለጠለች ከሲታ ሴት ገባች።

ሰው ልጁ ከሞት ሲመለስ ሮጦ ያቅፋል ብላችሁ እንዳታስቡ። እናቴ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ «እዚያው ቁሚ!» አለች። ሴትዮዋ ቆመች። «እማ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እዚያው ቁሚ ብያለሁ!» አለች እናቴ። ጩኸቱን የሰሙት ጎረቤታችን እመት ዘውዴ ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ። አይተው አማተቡ። ከዚያ ገብተው ውሃ በጣሳ ቀድተው ወጡና መሐል ግቢው ላይ መሬት አስቀምጠውላት ወደ ኋላ ተመለሱ። «ቢስሚላህ ብለሽ ጠጪ» አሏት። ወደ እናቴ ዞረው ደግሞ «ጅን ከሆነች ያምላክን ስም ጠርታ አትጠጣም፣ አይዞሽ» አሉ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጣሳውን አነሣች። በግራ እጇ ነበር። ቀና ብላ እመት ዘውዴን አየቻቸውና ጣሳውን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች፣ ልጅ ሆና እንዲያ እንድታደርግ ይቆጧት ነበር መሰለኝ። «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» አለች። ጠጣች። ጨለጠችው። «እመት ዘውዴ፣ ይጨምሩልኝ፣ ከአቀስታ ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም» አለች። ያኔ ነው እናቴ ማማሰያዋን ጥላ ያቀፈቻት። እመት ዘውዴ እልል ለማለት ጀምረው ልቅሶ ሆነባቸው። አባቴ ከሱቁ ሲሮጥ የመጣው የሚዛኑን ድንጋይ በእጁ እንደጨበጠ ነው፣ ማታ ድረስም አልለቀቀውም።

የዚያ ሳምንት ጠያቂ ለምን እንደመጣ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ገሚሱ ለለቅሶ እንደሚመጣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል፣ በሩ ላይ ስሕተቱን ያስታውስና ያስተካክላል። አንዳንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሩቅ ሰላም ይላታል እንጂ አይጨብጣትም። ዘሐራም ይህን ታያለች። ከአሠሪዎቿ ሸሽታ ለብዙ ዓመት ተደብቃ ስትሠራ እንደኖረች፣ በመጨረሻ ከሌሎች ጋር ተይዛ እንደተላከች በትንሽ በትንሹ ነገረችን። ለምን ቃል እንዳልላከች የጠየቃት አባቴ ነበር። «ለቅሶዬ እንደተለቀሰ ከአገር የመጣ ሰው ነገረኝ» አለችው። «ከዚያ በኋላ ፈራሁ አባዬ። የሞትኩ መሰለኝ።»

እኔን የፈራችኝን ያህል ግን ማንንም አልፈራችም። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አንድ ቀን ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ ቆመ። «አንቺ ነሽ እኔን የመሰልሽ ወይስ እኔ ነኝ አንቺን የመሰልኩት?» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋት። አትስቅም።

ከዚያ ክረምት ጀምሮ እናቴ ስሜን መጥራት ተወች። ነገሩ ገብቶኛል፤ ዘሐራ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ምትኬ ብሎ መጥራት በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ማሟረት ነው። በ«ዘሐራ!» ትጀምራለች፣ ዘሐራ ከምድጃው ዳር «አቤት» ትላለች፣ አበቃ። እኔን ስትፈልገኝ «አንቺ» ወይም «ነይ እስቲ» ነኝ። አባቴ ሌላ ስም ይውጣላት ብሎ ሽማግሌ አማከረ። ሐዋ ተባልኩ፣ ሰላም ተባልኩ፣ ለሁለት ሳምንት ያህልም ዘይነባ ነበርኩ። ለሁሉም አቤት አልኩ፣ ግን ለሰው የተላከ ዕቃ እንደምቀበል ነበር የሚሰማኝ። እኔን ራሴን ግን ማንም አልጠራኝም።

ትምህርት ቤት ስንከፍት ባለ ሎቲው ሞክሼዬ ነገሩን አስረዳኝ። የኳስ ሰው ነው፣ ክፋትም የለበትም። «ዋናው ተጫዋች ድኖ ከመጣ ቅያሪው ይወጣል» አለኝ።

«ወዴት ነው የሚወጣው?»

«ወደ ውጭ ነዋ» አለ፣ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄ እየገረመው።

ከዚያ ወዲያ ስተኛ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ፣ ልቤ እንዳትቆም ለመጠበቅ። መሞት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው መውጣትን ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» እባላለሁ ብዬ እጠብቅ ነበር። መንገድ ላይ አሮጊቶቹ አገጬን መያዝ ትተዋል። ማየት የሚፈልጉትን አሁን ቤት ድረስ መጥተው ያዩታል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ልጅ ለማን ይነግራል? ለማንም አልነገርኩም።

ነገሩን የቀየሩት ጋሽ ምትኬ ናቸው። እናቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ስፌታቸውን ሳያቆሙ፣ «ታዲያ ያ ሁላችን ያለቀስነው ለማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቤት ገብታ ዘሐራን ጠየቀቻት። ዘሐራም ያልጠበቅነውን ነገር ተናገረች። ጅዳ ውስጥ አንድ ክፍል የተጋሩ ሁለት ዘሐራ ሰይዶች ነበሩ፣ አንዷ እሷ፣ ሌላዋ የአቀስታ ልጅ። የአቀስታዋ ክፉኛ ታመመች። ሐኪም ቤት ሲወስዷት ዘሐራ አይታለች፣ በዚያው ሰሞን እሷ ራሷ ስለሸሸች መጨረሻውን አላወቀችም። መርዶ ያመጣው ሰው የሰማው ስሙን ብቻ ነው። ስሙም መጀመሪያ ያገኘው በር ላይ አደረሰው።

እናቴ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም። «የሰው ለቅሶ ነው ያለቀስኩት» አለች። «እናትየዋ አቀስታ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ እኔ እዚህ ለቅሶዋን በላሁባት። መመለስ አለብኝ።» አባቴ ሽማግሌ ይላክ አለ። እንቢ አለች። ዘሐራን ይዛ እንድትሄድ ሲነገራት ደግሞ «የኔን በሕይወት ያለች ልጅ ይዤ የሷ ፊት ላይ ልቁም? አላህ አይወደውም» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ትሄጃለሽ።»

ጠዋት ገላዬን አጠበችኝ። የዒድ ቀሚሴን አለበሰችኝ፣ ፀጉሬን አዲስ ሠራችኝ። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ አድሬ ተረድቼዋለሁ፤ የኛ ዘሐራ ካልሞተች እኔ የሷ ምትክ አይደለሁም። የሞተችው የአቀስታዋ ናት። ስለዚህ እኔ የነዚያ ቤት ነኝ፣ እናቴ የሰው ዕቃ ልትመልስ ነው። አላለቀስኩም። ማንም ልብስሽን ያዢ ስላላለኝ ጠጠሮቼን ብቻ በኪሴ ከተትኩ። መኪናው መካነ ሰላምን ለቆ ሲወጣ ዘሐራ በሩ ላይ ቆማ በግራ እጇ ተሰናበተችን። እኔም በግራ እጄ መለስኩላት። ጭጋጉ ሲውጣት አየሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የማያት መስሎኝ አጥብቄ አየኋት።

አቀስታ ያለችበት የለጋምቦ ብርድ እንደኛ አገር ብርድ አይደለም፣ አጥንት ይነካል። አቀስታ ወርደን የሰይድን ቤት ጠየቅን፣ የትኛው ሰይድ አሉን። ልጁ ዓረብ አገር የሄደችበት ስንል የትኛዋ ልጅ አሉን። በመጨረሻ ከገብስ ማሳ ዳር ያለች አንዲት ዝቅተኛ ቤት አሳዩን። ባልቴቷ እመት ሰዓዳ ይባላሉ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ስንቀርብ ቀና ብለው አዩን፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ።

እናቴ ሰላምታውን ሰጥታ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ጠፋባት። ዘሐራዋ ስለመምጣቷ፣ ስለ ሁለቱ አንድ ስም፣ ስለ ሐኪም ቤቱ፣ ከፊትም ከኋላም እያለች ተናገረች። መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ ብቻን ሆኖም፣ ቀትር ላይም አይነገርም። እመት ሰዓዳ እንዝርታቸውን አላቆሙም።

«ያንቺም ሞተች ብለውሽ ነበር?» አሉ እናቴ ስትጨርስ።

«አዎ እመት።»

«አልቅሰሽ ነበር?»

«አልቅሻለሁ። ሰደቃም አውጥተናል።»

«መጣች?»

እናቴ አንገቷን ደፋች። «መጣች» አለች።

«እንግዲያ የኔም ትመጣለች» አሉ እመት ሰዓዳ። እንዝርቱን በጭናቸው ላይ አሽከረከሩት።

እናቴ ለቅሶውን ልትመልስ መጥታ ነበር፣ ተቀባይ አጣች። የገብስ ማሳው ላይ ነፋስ ሲሄድ ይሰማኛል። ሴትዮዋ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይህችስ? ስምሽ ማነው?»

ስሜን የጠየቀኝ ሰው ካገኘሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። «ምትኬ» አልኳቸው።

ከተቀመጡበት ተነሡ። እናቴ ያስቆጣኋቸው መስሏት ልትይዘኝ እጇን ዘረጋች። እመት ሰዓዳ ግን መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ፣ ቀስ ብለው፣ የበግ ጠጉር የሚሸት ሞቃት እጅ ነበር። «ይህን ስም እዚህ ቤት አትበይው» አሉ። «ይህ ቤት ምትክ አልጠየቀም። እዚህ ስምሽ እንግዳዬ ነው።» ከዚያ ገብተው የገብስ ቂጣ በቅቤ ቀብተው አመጡልኝ። ስበላ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አላነሡም። እኔን ሳይሆን የሄደችውን ልጃቸውን እያዩ እንደሆነ ያኔም ታውቆኛል።

ስንሰናበት እግሬ አልሄድ አለ። የምቀር መስሎኝ ነበራ። እናቴ እጄን ይዛ ጎተተችኝ፣ መኪና ውስጥ ገባን፣ መኪናው ተነሣ፣ እኔ አሁንም እስክታወርደኝ እጠብቃለሁ። ከተማው ከጀርባችን ሲቀር ነው የጠየቅኳት።

«እዚያ ልትተዪኝ አልነበር?»

«ምን አልሽ?»

«ዘሐራ መጥታለቻ። ቅያሪው ይወጣል።»

እናቴ ምን እንዳልኩ እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት «ወየው ጉዴ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ የለበሰችውን ፎጣ ከፍታ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። «ምትኬ» አለች፣ መኪና ሙሉ ሰው እየሰማ። «ዘሐራ ሞታም ልጄ ነበርሽ። መጥታም ልጄ ነሽ። ማንን ማን ያስወጣል?» እስከ መካነ ሰላም ድረስ ደጋግማ ጠራችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ሰው ስም ጀምራ ጠርታኝ አታውቅም። ዘሐራም ምትኬ ስባል ስትሰማ ደነገጠች፣ ቀጥላ ሳቀች። ያን ሌሊት ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ተኛች።

ይህ ሁሉ ከሆነ ዘመን አልፏል። ዘሐራ አግብታ ወልዳ የአባቴን ሱቅ ይዛለች። ጋሽ ምትኬ አርፈዋል፣ ባለ ሎቲው ሞክሼዬ አዲስ አበባ ገብቷል ይላሉ። እኔ አስተማሪ ነኝ። በክፍሌ ካሉት ልጆች መሐል አንድም ምትኬ የለም፣ ኢክራም ናቸው፣ ናትናኤል ናቸው፣ ከኋላቸው ማንም የሌለ ቀለል ያሉ ስሞች። ዓረብ አገር ያሉት እናቶቻቸውና እህቶቻቸው ማታ ማታ በስልክ ፊታቸውን እያሳዩ ያወራሉ፣ የቤት ሥራ እንኳ የሚያዩላቸው አሉ። ጥሩ ጊዜ ነው። ግን አንዳንዴ የተማሪ ስም እየጠራሁ አንዱ ቀርቶ ከሆነ፣ ከስሙ በኋላ የምትመጣዋን ዝምታ ስሰማ ዛሬም ጠጉሬ ይቆማል። «ሞክሼ» የሚለኝ ሰውም የለም። ይናፍቀኛል።

እመት ሰዓዳን ግን አልተውኳቸውም። ደሴ ለትምህርት ስመላለስ፣ ኋላም ለሥራ ስሄድ አቀስታ ወርጄ እጠይቃቸዋለሁ። ሁልጊዜም እንግዳዬ ነኝ። ስለ ዘሐራቸው የሚያወሩት ገበያ እንደሄደ ሰው ነው፣ ይህን ትወዳለች፣ ያን ስትመጣ እንሠራለን። የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ። ተስፋ እንዳይቆርጡ ያደረግናቸው እኛ ነን፣ ዘሐራችን ባትመጣ ኖሮ እንደማንኛውም እናት አልቅሰው ይወጣላቸው ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ተክዣለሁ።

ባለፈው ዓመት ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ። ገላቸው ደክሟል፣ ዓይናቸው ግን ንጹሕ ነው። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ውጭ መኪና አለፈ። ጆሮ አልሰጡትም።

«ምትኬ» አሉኝ፣ «እስቲ ጋቢውን ደርቢልኝ።»

ልጅ ሆኜ ይህን ስም እንዳይወስዱብኝ ስንት ፈርቼ ነበር። ያን ቀን ግን ከእሳቸው አፍ ስሰማው መልሼ ልሰጣቸው ፈለግኩ፣ ዘሐራቸው የሞተችው ገና ያን ጊዜ ነውና። እጄ ጋቢው ላይ ቀረ። እንባዬን ማቆም አቃተኝ።

«እንግዳዬ ይበሉኝ እንጂ እመት» አልኳቸው።

«እንግዳማ ይሄዳል» አሉኝ። «አንቺ የት ትሄጃለሽ?»